ፖስትማን ላይ የሚሰራው ኤፒአይ ኮዳችሁ ላይ እምቢ ሲል ሄደሩን እንዴት እንደምትፈትሹ

ዩአርኤሉ ልክ ነው፣ ጄሰኑም ልክ ነው፣ ፖስትማን (ኤፒአይ መሞከሪያው ፕሮግራም) ላይ ሴንድ ስትሉት 200 ማለትም "ተሳክቷል" ይመልሳል፣ ያንኑ ነገር ከኮዳችሁ ስትጠሩት ግን 401 ወይ 415 ወይ ደግሞ ከየት እንደመጣ ያልገባችሁ ኤችቲኤምኤል ይመጣል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው ኮዱን መነካካት ይጀምራል፣ ላይብረሪ ይቀይራል፣ ቶክን (የመግቢያ ቁልፉን) እንደገና ያወጣል፣ ሲደክመው ኢንተርኔቱን ያማል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ሄደር ላይ ነው፣ ማለትም ከሪኩዌስቱ ጋር አብረው በሚሄዱት ስለ ሪኩዌስቱ በሚናገሩት መስመሮች ላይ፣ ሄደር ደግሞ በግምት አይስተካከልም ምክንያቱም ኮዳችሁ ላይ የጻፋችሁት ሄደር እና ከማሽናችሁ የወጣው ሄደር ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ላይብረሪው ይጨምራል፣ ብራውዘሩ ይቀንሳል፣ መሀል ላይ ያለው ፕሮክሲ (አስተላላፊ ሰርቨር) ዝም ብሎ ይጥላል። ስለዚ በቅደም ተከተል እንሂድ፣ ኮድ መቀየሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ኮማንዶቹንና የሄደር ስሞቹን እንደሚጠሩት ነው የጻፍኳቸው፣ ተርሚናል ላይ ያው በላቲን ፊደል ነው ሚገቡት።

1. የጻፋችሁትን ሳይሆን የወጣውን እዩ

እኔ ሁሌም ከከርል ነው ምጀምረው፣ ተርሚናል ላይ ሪኩዌስት መላኪያ ኮማንድ ነው። ከርል ላይ ሰረዝ ቪ ጨምራችሁ ስትጠሩ ብዙ መስመር ይወርዳል፣ አትደንግጡ፣ በኮከብ የሚጀምሩት ከርል ራሱ የሚያወራው ነው፣ በ > ምልክት የሚጀምሩት እናንተ የላካችሁት ነው፣ በ < የሚጀምሩት ሰርቨሩ የመለሰው ነው። በ > የሚጀምሩትን አንድ በአንድ አንብቡ። "ኦተራይዜሽን ልኬያለሁ" ብላችሁ ምላችሁ ስትከራከሩበት የነበረው ቶክኑን የሚይዘው ሄደር እዛ ላይ ከሌለ በቃ አልላካችሁም።

ኮዳችሁ ፓይተን ከሆነና ሪኩዌስትስ ላይብረሪን ምትጠቀሙ ከሆነ፣ መልሱ ከመጣ በኋላ ሪስፖንስ ነጥብ ሪኩዌስት ነጥብ ሄደርስ ብላችሁ ፕሪንት አድርጉት፣ በእውነት የተላከውን ያሳያችኋል፣ እናንተ ዲክሽነሪው ውስጥ ያስገባችሁትን ብቻ አይደለም። ብራውዘር ከሆነ ኤፍ12 ተጫኑ፣ ኔትወርክ ታብ፣ ሪኩዌስቱን ጠቅ፣ ሪኩዌስት ሄደርስ ሚለውን እዩ። እዛው ሪኩዌስቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ "ኮፒ አዝ ከርል" ሚል አለ፣ ይሄ ነገር ወርቅ ነው፣ ብራውዘሩ የላከውን ሙሉውን ከነሄደሩ ተርሚናል ላይ መለጠፍ ትችላላችሁ።

ፖስትማን ደግሞ ራሱ ሚጨምራቸው የተደበቁ ሄደሮች አሉት፣ ሄደርስ ታቡ ላይ "ሂደን" ሚለውን ስትከፍቱት ዩዘር ኤጀንት፣ አክሴፕት፣ አክሴፕት ኢንኮዲንግ ምናምን ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። "ፖስትማን ላይ ይሰራል እኮ!" የሚባለው ነገር ግማሹ መልስ እዚህ ጋ ነው ያለው። ከታች ያለውን ኮንሶል ክፈቱና የላከውን ከከርሉ ውጤት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ የሚለያየው መስመር ተጠርጣሪያችሁ ነው።

ሌላው አማራጭ ኤችቲቲፒቢን የሚባለው ሳይት ነው፣ ሄደርስ የሚለውን መንገዱን ስትጠሩት የላካችሁትን ሄደር መልሶ በጄሰን ያሳያችኋል። ግን እውነተኛ ቶክናችሁን እዛ አትላኩ፣ የማይሰራ የውሸት ቶክን ተጠቀሙ። የከርል ውጤት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስትለጥፉም እንደዛው፣ ሰረዝ ቪ ቶክኑን ሙሉውን ነው ሚያወጣው፣ መሀሉን በኮከብ ሳትሸፍኑ የላካችሁት ቁልፍ ከዛ በኋላ የእናንተ ብቻ አይደለም፣ ሜሴጁን ብታጠፉትም ቀይሩት።

2. ስታተስ ኮዱን አንብቡ፣ ግን መጀመሪያ ማን እንደመለሰ እወቁ

መልሱን የሰጣችሁ ኤፒአዩ ራሱ ነው ወይስ ከፊቱ ያለ ሌላ ነገር? ጄሰን እየጠበቃችሁ ኤችቲኤምኤል ከመጣ፣ ያ ጃቫስክሪፕት ላይ "ያልተጠበቀ <" እያለ ሚጮኸው ኤረር ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሪኩዌስታችሁ አፕሊኬሽኑ ጋ ጭራሽ አልደረሰም ወይ ደግሞ አፕሊኬሽኑ ሰው በብራውዘር የመጣ መስሎት ገጽ ነው የሰጣችሁ። የመልሱን ሰርቨር ሚለውን ሄደር እዩ፣ ክላውድፍሌር (ከሰርቨሩ ፊት ሚቆም አገልግሎት) ከሆነ ሲኤፍ ሬይ ሚል ሄደርም አብሮ ይመጣል።

ከዛ ቁጥሩ። 401 ማለት "ማን እንደሆንክ አላወቅኩም" ነው፣ ቶክኑ የለም ወይ ተበላሽቷል ወይ ጊዜው አልፏል። 403 "አውቄሃለሁ፣ ግን አይፈቀድልህም" ነው፣ ስለዚ 403 ሲመጣ ቶክን አስር ጊዜ እያወጡ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፣ የተሰጣችሁን ፈቃድ ነው ማየት ያለባችሁ። 415 ማለት የላካችሁት ቦዲ (ዋናው ዳታ) ኮንተንት ታይፕ (ዓይነቱን ሚናገረው ሄደር) አልተመቸውም። 406 ደግሞ በአክሴፕት የጠየቃችሁትን ዓይነት መስጠት አልችልም ነው። 429 ከመጣ በዝታችኋል፣ ሪትራይ አፍተር ሚል ሄደር ካለ እሱ ላይ ያለውን ሰከንድ ጠብቁ። 431 ሄደራችሁ በጣም ትልቅ ነው፣ ኩኪ ውስጥ ግዙፍ ቶክን ያጨቀ ሰው ጋ ነው ብዙ ሚታየው፣ ኤንጂንኤክስ ሚባለው ዌብ ሰርቨር ግን ለዚሁ ችግር 400 ብሎ ነው ሚመልሰው።

ቁጥሩን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ጊትሀብን ብትወስዱ ያልተፈቀደላችሁን ፕራይቬት ሪፖ በኤፒአይ ስትጠይቁት 403 ሳይሆን 404 ነው ሚሰጣችሁ፣ መኖሩንም እንዳታውቁ ማለት ነው። ዩዘር ኤጀንት ሄደር የሌለው ሪኩዌስት ደግሞ እዛው ጊትሀብ ላይ 403 ይበላል፣ ቶክኑ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን።

3. ኦተራይዜሽን፦ አብዛኛው ችግር ያለበት

401 ከሆነ የመጣው፣ መልሱ ላይ ደብሊውደብሊውደብሊው ኦተንቲኬት ሚል ሄደር ካለ መጀመሪያ እሱን አንብቡ፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል፣ ቶክኑ ኢንቫሊድ ነው ወይስ ጊዜው አልፏል ሚለውን እዛ ላይ ሊነግራችሁ ይችላል።

ቅርጹ እንዲህ ነው፦ ኦተራይዜሽን፣ የእንግሊዝኛ ኮለን፣ ስፔስ፣ ቤረር፣ አንድ ስፔስ፣ ከዛ ቶክኑ። ቻፓን ጨምሮ ብዙ የክፍያ ኤፒአዮች እንዲህ ነው ሚቀበሉት። ሚበላሽባቸው መንገዶች ግን ብዙ ናቸው። ቤረር ሚለውን መርሳት አንዱ ነው፣ ተቃራኒውም አለ፣ አንዳንድ ኤፒአይ ቶክኑን ሲሰጣችሁ ቤረርን ከፊት ለጥፎ ነው ሚሰጣችሁ፣ እናንተ ስትጨምሩበት "ቤረር ቤረር" ይሆናል። ሌላው ቶክኑን ከነጥቅስ ምልክቱ መላክ ነው።

ከኢንቫይሮመንት ፋይል የሚነበብ ቁልፍ ደግሞ ለብቻው ጣጣ አለው። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ፋይል ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስታነቡት መስመሩ መጨረሻ ላይ የማይታይ ካሬክተር ሊቀር ይችላል፣ ከቴሌግራም ወይ ከፒዲኤፍ ኮፒ ያደረጋችሁት ላይም የማይታይ ስፔስ ሊኖር ይችላል። ፋይሉ ጭራሽ ካልተነበበ ደግሞ ጃቫስክሪፕት "ቤረር አንዲፋይንድ" ብሎ ይልካል፣ ፓይተን "ቤረር ነን" ይላል፣ ሁለቱም ያለምንም ሀፍረት። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ቶክኑን ሳይሆን የቶክኑን ርዝመትና የመጨረሻ አራት ካሬክተሩን ሎግ አድርጉ። ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ጋር አወዳድሩ፣ አንድ እንኳን ከበለጠ ትሪም አድርጉት። እግረ መንገዳችሁን የቴስት ቁልፍ ነው ወይስ የላይቭ ሚለውንም እዩ፣ ቻፓ ላይ ለምሳሌ የቴስት ቁልፉ ራሱ ውስጥ ቴስት ሚል ቃል ስላለበት በቀላሉ ይለያል።

ቤዚክ ኦተንቲኬሽን ከሆነ ዩዘርኔም፣ ኮለን፣ ፓስወርድ ተያይዞ በቤዝ64 (ዳታን በተራ ፊደልና ቁጥር መጻፊያ ዘዴ) ነው ሚላከው። ተርሚናል ላይ በኤኮ ስትሰሩት ኤኮ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ይጨምራል፣ እሱም አብሮ ኢንኮድ ይሆንና ፓስወርዳችሁ የተሳሳተ ይሆናል። ኤኮ ሰረዝ ኤን ተጠቀሙ ወይ ፕሪንትኤፍ። ረጅም ከሆነ ደግሞ ሊኑክስ ላይ ያለው የቤዝ64 ኮማንድ 76ኛው ካሬክተር ላይ መስመር ይሰብራል፣ ሰረዝ ደብሊው 0 ስትሉት ይተዋል። ወይ ደግሞ ይሄን ሁሉ ትታችሁ ከርልን በሰረዝ ዩ ስጡት፣ ራሱ ይሰራዋል።

ጊዜ። ጄደብሊውቲ (በነጥብ የተለያዩ ሦስት ክፍሎች ያሉት ቶክን) ከሆነ ቶክኑ፣ መሀለኛው ክፍል በቤዝ64 የተጻፈ ጄሰን ነው፣ አልተቆለፈም፣ ማንም ሊያነበው ይችላል። ኢኤክስፒ ሚለው ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፣ የጃቫስክሪፕት ዴት ነጥብ ናው ግን ሚሊሰከንድ ነው ሚሰጠው፣ ሁለቱን ሳትካፈሉ ስታወዳድሩ ቶክኑ ሁሌም ጊዜው ያለፈ ይመስላችኋል። የኮምፒውተሩ ሰዓትም ልክ መሆን አለበት፣ ሪኩዌስት ፊርማ ሚጠይቁ ኤፒአዮች ላይ በተለይ፣ የአማዞን ኤስ3 ከ15 ደቂቃ በላይ ከተዛባ ሪኩዌስቱን አይቀበልም። የላፕቶፑን ሰዓት በሀበሻ አቆጣጠር በእጁ ያስተካከለ ሰው ካለ 6 ሰዓት ሙሉ ተዛብቷል ማለት ነው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቶክኑ ትክክል ሆኖ፣ ፕሪንት ስታደርጉትም ታይቶ ግን ሰርቨሩ "አልደረሰኝም" ካለ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው ሪዳይሬክት ነው። በኤችቲቲፒ ጠርታችሁ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሲያዞራችሁ፣ ወይ መጨረሻው ላይ ስላሽ ረስታችሁ ሲያዞራችሁ፣ ወይ ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው ወደሌለው ስም ሲልካችሁ። ከርልም ሪኩዌስትስም ወደ ሌላ ሆስት ሲዞሩ ኦተራይዜሽኑን ይጥሉታል፣ ለደህንነት ነው፣ ልክም ናቸው። ከዛ በተጨማሪ 301 እና 302 ላይ ፖስት ወደ ጌት ይቀየርና ቦዲውም ይጠፋል፣ 307 እና 308 ላይ ግን አይቀየርም። መፍትሄው ሪዳይሬክቱን መከተል አይደለም፣ የመጨረሻውን ዩአርኤል ሎኬሽን ከሚለው ሄደር ወስዳችሁ በቀጥታ እሱን መጥራት ነው። ሁለተኛው የፓይተኑ ሪኩዌስትስ ላይ ያለ ስውር ነገር ነው፣ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ነጥብ ኔትአርሲ ሚባል ፋይል ካለና የዛ ሆስት ፓስወርድ ካለበት፣ ሪኩዌስትስ እናንተ የሰጣችሁትን ኦተራይዜሽን ትቶ የፋይሉን ይልካል። ሴሽን ከፍታችሁ ትረስት ኢንቭ ሚለውን ፎልስ ስታደርጉት ይቆማል።

4. ኮንተንት ታይፕ እና አክሴፕት

ሁለቱ ይምታታሉ። ኮንተንት ታይፕ "እየላክኩልህ ያለሁት ይሄ ነው" ነው፣ አክሴፕት "መልሱን በዚህ ስጠኝ" ነው።

ከርል ላይ በሰረዝ ዲ ጄሰን ስትልኩ፣ ካልነገራችሁት በስተቀር ከርል የዌብ ፎርም ነው ብሎ ነው ኮንተንት ታይፑን ሚሞላው። በሰረዝ ትልቁ ኤች አፕሊኬሽን ስላሽ ጄሰን ብላችሁ ራሳችሁ ንገሩት፣ ወይ ከርላችሁ 7.82 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ሰረዝ ሰረዝ ጄሰን ሚለውን ተጠቀሙ፣ ኮንተንት ታይፑንም አክሴፕቱንም አንድ ላይ ይሞላላችኋል። የጃቫስክሪፕቱ ፌች ላይ ቦዲውን ስትሪንግ አድርጋችሁ ስትልኩ ደግሞ ቴክስት ስላሽ ፕሌይን ብሎ ነው ሚልከው፣ ኤክስፕረስ (የኖድ ፍሬምወርክ) ላይ ያለው የጄሰን ፓርሰር ያንን ሲያይ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ኤረር የለም፣ ቦዲው ብቻ ባዶ ይሆናል። "ዳታዬ የት ገባ" የሚለው ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው ብዙ ጊዜ። ፓይተን ላይም ዳታ እኩል ይሆናል ብላችሁ ዲክሽነሪ ከሰጣችሁ ፎርም ነው፣ ጄሰን እኩል ይሆናል ስትሉ ነው ጄሰን ሚሆነው።

ፋይል አፕሎድ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ፎርምዳታ ስትጠቀሙ ኮንተንት ታይፕን በእጃችሁ አትጻፉ! መልቲፓርት ሲላክ ክፍሎቹን ሚለየው ባውንደሪ ሚባል ጽሁፍ ሄደሩ ውስጥ መኖር አለበት፣ እሱን ሚያውቀው ብራውዘሩ ወይ ላይብረሪው ብቻ ነው፣ እናንተ ስትጽፉት ባውንደሪው ይጠፋና ሰርቨሩ ፋይሉን አያገኘውም።

በላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) የተሰራ ኤፒአይ ለምትጠሩ፦ አክሴፕት አፕሊኬሽን ስላሽ ጄሰን ላኩ፣ ሁሌም። ካልላካችሁ ቫሊዴሽን ሲወድቅ 422 ከነኤረሩ በመስጠት ፋንታ ወደኋላ ሪዳይሬክት ያደርጋችኋል፣ ሎግኢን ያላደረገ ዩዘር ሲሆን ደግሞ ወደ ሎግኢን ገጽ ሊልካችሁ ይሞክርና ኤፒአይ ብቻ ያለበት ፕሮጀክት ስለሆነ "ሎግኢን ሚባል ሩት የለም" ብሎ 500 ይሆናል። 500 ስላያችሁ ሰርቨሩ ተበላሸ ትላላችሁ፣ የጎደለው ግን ከእናንተ በኩል አንድ መስመር ነው።

5. አማርኛ ሄደር ውስጥ አይገባም

ይሄን የውጭ አገር መመሪያ ላይ አታገኙትም፣ እኛ ላይ ግን ይደርሳል። የሄደር ቫልዩ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ማስገባት አይቻልም። የደንበኛ ስም፣ የፋይል ስም፣ የቅርንጫፍ ስም ሄደር ውስጥ አድርጋችሁ በአማርኛ ብትልኩ ፓይተን የላቲን 1 ኢንኮድ ኤረር ይሰጣችኋል፣ ኖድ "ኢንቫሊድ ካሬክተር" ይላል፣ ብራውዘሩም ፌች ላይ ታይፕ ኤረር ይወረውራል። ክፉው ነገር በእንግሊዝኛ ስም ቴስት ስታደርጉ ይሰራል፣ የመጀመሪያው እውነተኛ ደንበኛ ስሙን በአማርኛ ሲሞላ ነው ሚፈርሰው። ከቻላችሁ ጽሁፉን ወደ ቦዲው አውርዱት፣ ትክክለኛ ቦታው እዛ ነው። የግድ ሄደር ውስጥ መሆን ካለበት በፐርሰንት ኢንኮዲንግ ቀይራችሁ ላኩና ሰርቨሩ ላይ ዲኮድ አድርጉት።

ኮንተንት ሌንግዝን በእጃችሁ ምትሞሉ ካላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው። "ሰላም" ሚለው ሲቆጠር 3 ፊደል ነው፣ ሲላክ ግን 9 ባይት ነው፣ ሌንግዙን 3 ብላችሁ ከላካችሁ ሰርቨሩ "ሰ" ላይ ያቆማል። ጄሰኑ መሀል ላይ ተቆርጦ "ጄሰኑ አላለቀም" ሚል ኤረር ካያችሁና ሚሆነውም አማርኛ ሲገባ ብቻ ከሆነ ይሄው ነው። በባይት ቁጠሩ፣ ወይ ከናካቴው ሌንግዙን ለላይብረሪው ተዉለት።

አንድ የማትጠረጥሩትም አለ። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ እንዳለ ኮለን ስትጫኑ የሚገባው "፡" ሊሆን ይችላል፣ በዓይን ሲታይ ያው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ነው። ከርል ሄደሩ ውስጥ ትክክለኛ ኮለን ስላላገኘ ያንን ሄደር አይልከውም። በ > ከሚጀምሩት መስመሮች ውስጥ አንዱ በደንብ የጻፋችሁት ሄደር ከጠፋ መስመሩን አጥፉና በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንደገና ጻፉት።

6. ብራውዘር ላይ ብቻ እምቢ ካለ

ከርልም ፖስትማንም ላይ ሰርቶ ብራውዘር ላይ ብቻ ካልሰራ ብዙ ጊዜ ኮርስ ነው፣ ማለትም ብራውዘሩ ወደ ሌላ ዶሜይን ሚሄድን ሪኩዌስት ሚቆጣጠርበት ደንብ፣ ኮንሶሉም በቀይ ይነግራችኋል። ኦተራይዜሽን ወይ የጄሰን ኮንተንት ታይፕ ያለበት ሪኩዌስት ወደ ሌላ ዶሜይን ሲሄድ ብራውዘሩ መጀመሪያ በኦፕሽንስ ሜተድ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፕሪፍላይት ሚባለው። ኔትወርክ ታብ ላይ ኦፕሽንስ ሚለውን ፈልጉና መልሱን እዩ፣ አክሰስ ኮንትሮል አላው ሄደርስ ሚለው ውስጥ የእናንተ ሄደር ስም መኖር አለበት።

ሰርቨሩ የእናንተ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። እዛ ሄደር ላይ ኮከብ (ሁሉም ይፈቀድ ማለት ነው) አድርጌያለሁ ብላችሁ አትመኑ፣ ኮከቡ ኦተራይዜሽንን አይጨምርም፣ በስሙ መጻፍ አለበት። ሌላው ፕሪፍላይቱ ቶክን ይዞ አይመጣም፣ ስለዚ የቶክን ማረጋገጫው ሚድልዌር (ሪኩዌስቱ ቀድሞ ሚያልፍበት ኮድ) ከኮርሱ ቀድሞ ከተቀመጠ ኦፕሽንሱን 401 ይለዋል፣ ዋናው ሪኩዌስት ጭራሽ አይላክም። ቅደም ተከተላቸውን አገላብጡ።

ሰርቨሩ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ከፍሮንትኤንድ ምታደርጉት ነገር የለም። ኖ ኮርስ ሚለውን ሞድ ሚመክሩ አሉ፣ አትስሟቸው፣ ኤረሩን ይደብቃል እንጂ ኦተራይዜሽናችሁን ይጥላል፣ መልሱንም ማንበብ አትችሉም። ሪኩዌስቱን ከራሳችሁ ሰርቨር ላኩ። የክፍያ ሲክረት ቁልፍ ከሆነማ ኮርስ ባይኖርም ብራውዘር ውስጥ መገኘት የለበትም፣ ኤፍ12 የተጫነ ሁሉ ያየዋል።

7. መንገድ ላይ ሚጠፋ ሄደር

ከማሽናችሁ ወጥቶ አፕሊኬሽኑ ጋ ካልደረሰ መሀል ላይ ያለውን ፈትሹ። ኤንጂንኤክስ ስሙ ውስጥ አንደርስኮር ያለበትን ሄደር ካልተነገረው በስተቀር ይጥለዋል፣ ኤረርም የለ ምንም የለ፣ ስለዚ ኤፒአይ አንደርስኮር ኪይ ከማለት ኤክስ ሰረዝ ኤፒአይ ሰረዝ ኪይ ማለት ይሻላል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ግን ለውጥ የለውም፣ ኤችቲቲፒ 2 ላይ ስሞቹ ሁሉ በትንሽ ፊደል ነው ሚሄዱት፣ ኮዳችሁ በትልቅ ፊደል ብቻ ሚፈልግ ከሆነ ኮዱ ነው ስህተቱ። አፓቺ ሚባለው ዌብ ሰርቨር ደግሞ በሲጂአይ (ሰርቨሩ ሌላ ፕሮግራም ሚያስነሳበት መንገድ) ለሚሰራ አፕሊኬሽን ኦተራይዜሽንን አያሳልፍም፣ ሲፓነል ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ፒኤችፒ ያስቀመጠ ሰው ሎካል ላይ ሰርቶ እዛ ሲሄድ 401 ሚሆንበት ለዚህ ነው። ላራቬል ነጥብ ኤችቲአክሰስ ፋይሉ ውስጥ መፍትሄውን ይዞ ነው ሚመጣው፣ ያንን ፋይል አፕሎድ ሲደረግ የረሳው ሰው ብዙ ነው፣ ነጥብ ስላለው ተደብቆ ይቀራል።

ለመለየት፣ ሰርቨሩ ውስጥ ገብታችሁ አፕሊኬሽኑን በሎካልሆስት ፖርቱ በቀጥታ በከርል ጥሩት፣ ከዛ በዶሜይኑ ጥሩት። በቀጥታ ሰርቶ በዶሜይኑ ካልሰራ መሀል ያለው ነው።

8. አሁንም ካልተገኘ

የሚሰራውን ከርል ውሰዱ፣ ከፖስትማን ኮድ ሚለውን ተጭናችሁ ወይ ከብራውዘር ኮፒ አድርጋችሁ። ከሱ ላይ ሄደሮቹን አንድ በአንድ እያነሳችሁ ጥሩት። አንዱን ስታነሱ ይሰበራል፣ እሱ ነው ኮዳችሁ ላይ የጎደለው። ሁለት ሄደር በአንዴ አታንሱ፣ በመሀልም ቶክን አትቀይሩ።

ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ አሁንም 401 ከሆነ ለኤፒአዩ ሰዎች ጻፉላቸው፣ ግን "አይሰራም" ብላችሁ አይደለም። የጠራችሁበትን ሰዓት ከነታይምዞኑ፣ ማለትም የአዲስ አበባ ሰዓት ከሆነ ዩቲሲ+3 ብላችሁ፣ የሰረዝ ቪውን ውጤት ቶክኑ ተሸፍኖ፣ መልሱ ላይ ሪኩዌስት አይዲ ሚል ሄደር ካለ እሱን ጨምሩ። ሪኩዌስት አይዲ ካለ ከነሱ ሎግ ላይ በደቂቃ ያገኙታል።